በነጠላ ክር የሰፋሁት ዓይን

ይህን ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ለባሌም አልተናገርኩም። እናቴ ልትሞት ሰሞን «አንቺ የደበቅሽው ነገር አለ፤ ፊትሽ ያሳብቃል» ስትለኝ እንኳ ራሴን አሞኝ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩባት። ሰባት ዓመት ሙሉ ከአፌ ያልወጣ ነገር ነው። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ሰዎች የምናገረው ደፋር ሆኜ አይምሰላችሁ። እናንተ ነገ ጠዋት በር ላይ አታገኙኝም፤ ለዚህ ነው። ፈሪ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ፣ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ፍርሃት የመጣ ነውና።

የአንዲት ሕፃን ሞት በእጄ ነው። ሕፃኗ ከሞተች በኋላ ደግሞ አንዲት አሮጊት ያላደረጉትን ነገር ተሸክመው እንዲኖሩ አደረግኩ። የትኛው ይብሳል? ሰባት ዓመት አስቤበታለሁ። የመጀመሪያው ስንፍና ነበር። ሁለተኛውን ግን እያወቅኩ፣ ዓይኔን ገልጬ ነው ያደረግኩት።

ትርሲት እባላለሁ። የምኖረው ዓለም ገና ነው፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ሥራዬ አሻንጉሊት ነው። ሳልባጅ ልብስ በቦንዳ ታስሮ ሲመጣ መሃል መሃሉ ላይ የጨርቅ አሻንጉሊት ይገኝበታል፤ ድብ፣ ጥንቸል፣ ውሻ፣ አንዳንዴም ምን እንስሳ እንደሆነ ፈጣሪው ብቻ የሚያውቀው ጆሮ ብቻ የሆነ ነገር። ልብስ ነጋዴዎቹ ስለማይፈልጉት ለእኔ ይለዩልኛል። እኔ አጥባለሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፣ የተቀደደውን እሰፋለሁ፣ ሆዱ የሟሸሸውን ጥጥ እሞላለሁ። ከዚያ ሰበታ ገበያ አወጣዋለሁ፤ ሲበዛልኝ እስከ ቡራዩ ድረስ እወስዳለሁ። እጅሽ ይባረክ ያላለኝ እናት የለም። እኔም በእጄ እኮራ ነበር፣ ምን እንደሚሠራ እያወቅኩ።

ምን ይሠራ ነበር መሰላችሁ? ቦንዳ ውስጥ ተጨምቆ የመጣ አሻንጉሊት ብዙ ጊዜ ዓይኑ ወልቋል። ዓይን የሌለው አሻንጉሊት ደግሞ አይሸጥም፤ ልጆቹ ይሸሹታል፣ እናቶቹም «ውይ፣ ሲያስፈራ!» ብለው ያልፉታል። ስለዚህ ከዚያው ቦንዳ ከወጣ አሮጌ የሴት ኮት ላይ ቁልፎቹን እቆርጣለሁ፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጩ ትናንሽ ቁልፎች። እነሱን በዓይኑ ቦታ እሰፋለሁ። አሻንጉሊቱ ሕይወት የዘራ ይመስላል። ከድሮው ይበልጥ ያምራል ይሉኝ ነበር።

ሌላም አለ። ጎናቸው ላይ የተሰፋች አንዲት ነጭ ጨርቅ አለች። እንግሊዝኛ አላነብም፤ በእሷ ላይ ያለውን ሥዕል ግን ፊደል ያልቆጠረም ያነበዋል። የሕፃን ፊት ነው፣ ክብ ውስጥ ያለ፣ በላዩ ላይ መስመር የተሰመረበት። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ልጄ ተማሪ ሳለች አንብባልኛለች፤ አላወቅኩም ልል አልችልም። እኔ ግን ያቺን ጨርቅ በመቀስ እቆርጣት ነበር። አሻንጉሊቱ ያገለገለ መሆኑን ታሳብቃለች እያልኩ። ደግሞስ ከእኔ የሚገዛው ማን ሆነና? ሕፃን ያዘለች እናት አይደለችም ወይ? የሥዕሉን ትርጉም ብትጠይቀኝ ምን ልላት ነው? ስለዚህ ቆረጥኩ። ስንት እንደቆረጥኩ አላውቀውም።

አሁን ወደዚያች ሕፃን፣ ወደ ሲፈን ልምጣ።

ቢዙዬ ጎረቤቴ ናት። ግቢዋንና ግቢዬን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ነው፣ እሱም መሃሉ ክፍት ነው፤ ዞሮ መግባት ስለሚሰለቸን እኛው ነን የከፈትነው። አበባ እርሻ ነው የምትሠራው። ከባሏ ከግርማ ጋር ስድስት ዓመት ልጅ ሲጠብቁ ኖረው ሲፈንን አገኙ። ስትወለድ ዕልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዕልልታውን ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አስነካሁት። የግርማ እናት እማማ ሹሜ ደግሞ ሕፃኗን ሊይዙ ከተፍኪ መጥተው አብረዋቸው መኖር ጀመሩ። ተፍኪ ከሰበታ አልፎ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ባላቸው የተዉላቸው ቤትና ቁራሽ መሬት እዚያ ነው። ሲፈን አፏን እንደፈታች የጠራችው እናቷንም አባቷንም አይደለም። «አኮ» ነው ያለችው፤ አያት ማለት ነው በኦሮምኛ። ቢዙዬ ለሳምንት ያህል ቀንታ ነበር።

አንድ ቀን ቢዙዬ ገመዴ ላይ የተሰጣ ቡናማ ድብ አየች። ለሲፈን ይሁን አለች። ስጦታዬ ነው፣ አልሸጥልሽም አልኳት። ሁለቱም ዓይኖቹ ወልቀው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቁጭ ብዬ ሰፋሁለት። የቀኙን ዓይን እንደ ወጉ ነው የሰፋሁት፤ ጠንካራውን ክር አራት አጥፌ፣ ደጋግሜ አሳልፌ፣ በጀርባው ቋጥሬ፣ በጥርሴ ጎትቼ ሞክሬዋለሁ። ወደ ግራው ስመጣ ጠንካራው ክር አለቀብኝ። ልብስ የምሰፋበት ተራ ክር አጠገቤ ነበር። በነጠላው፣ ሁለት ጊዜ ብቻ አሳለፍኩት። ያን ሰዓት ቢዙዬ በአጥሩ ብቅ አለች። የሥራ መኪናዋ ሊያመልጣት ነው፣ ልጅቷ ስትነሳ ድቡን እንድታገኘው ፈልጋለች። ነገ ደግሜ አጠብቀዋለሁ ብዬ ለራሴ ነግሬ ሰጠኋት።

ጠየቀችኝ። ሳትጠይቀኝ ወስዳው ቢሆን ዛሬ የምጠለልበት ነገር ይኖረኝ ነበር። ግን ጠየቀችኝ።

«ትርሲትዬ፣ ይቺ ልጅ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ነው የምትከተው፤ ጥርስ እያወጣች ነው። ዓይኑ አይነቀልም አይደል?»

«እኔ የሰፋሁት? በጥርስሽ ብትጎትቺው ጥርስሽ ይነቀላል እንጂ እሱ አይነቀልም!»

ሁለታችንም ሳቅን። እየሳቀች ሄደች። መርፌው ገና በእጄ ላይ ነበር።

ነገ ያልኩት ነገ አልመጣም። ሦስት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ቀናት ሲፈን ድቡን በጆሮው እየጎተተች በአጥሩ ክፍተት ስትመጣ አያታለሁ። ባየኋት ቁጥር ትዝ ይለኛል። ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። ትዝ ይለኛል፣ መርፌና ክሩም እዚያው ጉልበቴ ላይ ነው፤ ግን ይህቺን ጥንቸል ልጨርስና፣ ይህን ውሻ ልጨርስና እላለሁ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር። አንድ ደቂቃ!

ዓርብ ዕለት ነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም። ልብስ ማስጫው ላይ ነበርኩ። የእማማ ሹሜን ጩኸት ሰማሁ። በአጥሩ ዘልዬ ስገባ ሕፃኗን ደረታቸው ላይ ይዘው ጀርባዋን ይመታሉ። ፊቷ ጠቁሯል። ተቀበልኳቸው። ዘቅዝቄ ጀርባዋን መታሁ፣ ጣቴን አፏ ውስጥ ከተትኩ፣ ስሟን ጠራሁ። ምንም። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንድ ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤታችን ከእጄ ነጥቆ ወስዶ ከሌላ ሴት ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ከነፈ። እማማ ሹሜ ተከትለው ሲሮጡ በር ላይ ወደቁ። ሴቶቹ እሳቸውን ለማንሳት ወጡ። እኔ የልጅቷን ብርድ ልብስ ላምጣ ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ምንጣፉ ላይ ሽምብራ ተበትኗል። ጾም ስለነበር እማማ ሹሜ የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠሙ ነበር። ከሽምብራው አጠገብ ድቡ በጀርባው ተኝቷል። ቀኝ ዓይኑ አለ። በግራው በኩል ግን የቀረው ክር ብቻ ነው፣ አንድ ቀጭን ክር።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ሌላ ባጃጅ ይዤ መብረር፣ ሐኪሞቹን «ቁልፍ ነው! ይህን የሚያክል የኮት ቁልፍ ነው ጉሮሮዋ ውስጥ ያለው!» ማለት አልነበረብኝም? በኋላ እንደሰማነው ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ነው ያለፈችው፤ ብሮጥም አልደርስባትም ነበር። ይህን ለማጽናኛ እንዳትነግሩኝ። እኔ ያን ጊዜ አላወቅኩማ። ያን ጊዜ፣ እዚያ ምንጣፍ ላይ ቆሜ፣ ሲፈን ለእኔ በሕይወት ነበረች። በሕይወት እንዳለች እያሰብኩ ነው ጎንበስ ብዬ ድቡን አንስቼ ነጠላዬ ውስጥ የሸሸግኩት። ገባችሁ? ልጅቷ ትድናለች ብዬ እያሰብኩ፣ ሊያድናት የሚችለውን ነገር ሸሸግኩ።

አልበቃኝም። መጥረጊያ አነሳሁ። የሚያየኝ ሰው ቢኖር ቤቱን እያስተካከለች ነው ይለኛል። እኔ የምፈልገው ዓይኑን ነበር። ምናልባት ወድቆ ከሆነ፣ ምናልባት አልዋጠችው ከሆነ። አልጋ ሥር ጠረግኩ፣ ቁም ሣጥን ሥር ጠረግኩ፣ የምንጣፉን ጠርዝ ገልጬ አየሁ። የለም። ጠርጌ ስጨርስ ግን ሽምብራውን አልነካሁትም ነበር። ዙሪያውን ሁሉ ጠርጌ ሽምብራውን እዚያው ምንጣፉ ላይ ተውኩት። እስከ ዛሬ ያ መጥረጊያ በሽምብራው ዙሪያ ሲዞር ይታየኛል። ማንም አላዘዘኝም። እኔ ነኝ።

ጤና ጣቢያ ያሉት ሰዎች ትንታ ነው፣ የሆነ ነገር ጉሮሮዋን ዘግቷት ነው አሉ። ምን ስትበላ ነበር ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀም። ልጅቷ በዚያው ቀን ተቀበረች።

በሦስተኛው ቀን ነው። ሰው ተሰብስቧል። ግርማ ሲጋራም መጠጥም የማያውቅ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን ከተቀመጠበት ተነስቶ እናቱ ፊት ቆመ።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሽምብራ ሰጥተሻታል?»

«አልሰጠሁም» አሉ። «ለኪ፣ የለም ግርማ፣ አልሰጠሁም። ሽምብራው ጭኔ ላይ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ በድቧ ትጫወታለች። ድምፅ ስሰማ ደንግጬ ብድግ አልኩ፤ ያኔ ነው የተደፋው።»

«ታዲያ ምን አነቃት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ይቺ ትርሲት ናት ቀድማ የደረሰችው። እሷ አይታለች። እሷ ትናገርልኝ!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የዕድሩ ሽማግሌ ኦቦ ለሜሳ «እስቲ ተናገሪ ልጄ፣ ያየሽውን» አሉ። ቢዙዬም ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ አብጠዋል። እማማ ሹሜ በተስፋ ያዩኝ ነበር። እኔን፣ ምስክራቸውን።

«እኔ ስገባ ሽምብራው ምንጣፉ ላይ ነበር» አልኩ።

ይኸው ነው። አንድም ቃል ውሸት የለበትም። ብትመረምሩት፣ ብታስምሉኝ፣ መስቀል ብታስጨብጡኝ እውነት ነው። በእውነት ቃል ሰው እንደሚቀበር ያን ዕለት አወቅኩ። ግርማ ቁጭ አለ። እማማ ሹሜ ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም።

በዚያው ሰሞን ቢዙዬ «ድቡስ?» አለችኝ። አፈር ነክቶት ላጥበው ወስጄው ነበር አልኳት። አዎ፣ አጥቤዋለሁ። አዲስ ጠንካራ ክር ገዝቼ፣ ከዚያው ኮት የተረፈ ቁልፍ አውጥቼ የግራውን ዓይን አራት እጥፍ አድርጌ ሰፍቼለታለሁ። በጥርሴ ጎትቼም ሞክሬዋለሁ። ልጅቷ ከተቀበረች በኋላ! ስሰጣት አቅፋኝ አለቀሰች። «እግዜር ይስጥሽ፣ እንደ እህት ነው የሆንሽልኝ» አለችኝ።

ቢዙዬ አማቷን አልሰደበችም፣ አልጮኸችባቸውም። ከእጃቸው ምግብ መቀበል ብቻ ተወች። እሳቸው የነኩትን እንጀራ አትበላም፣ እሳቸው የቀዱትን ውሃ አትጠጣም። ቀስ በቀስ ግርማም ተወ። አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ አሮጊቷ ለብቻቸው አብስለው ለብቻቸው ይበሉ ጀመር። ሁለት ወር አልሞላም፤ አንድ እሑድ ግርማ ዕቃቸውን ተሸክሞ ሚኒባስ ላይ ጫነላቸውና ወደ ተፍኪ መለሳቸው። ሊሸኛቸው የወጣ ጎረቤት እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄን ይዘው «አንቺ ብቻ ነሽ ያልሸሸሽኝ» አሉኝ። ሚኒባሱ እስኪሄድ ቆሜ እጄን አውለበለብኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ቀየርኩ። አሻንጉሊት መሥራቴን አልተውኩም፤ አሠራሬን ቀየርኩ እንጂ። ቁልፍ የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም። ዓይኑን በክር እጠልፋለሁ፤ አፍንጫውንም እንደዚሁ። ስፌቱን ሁሉ ወጥሬ አያለሁ። ነጯን ጨርቅ አልቆርጥም። እናት መጥታ ለስድስት ወር ልጄ ይህን ስጪኝ ብትል፣ ፀጉራሙን ትቼ ልሙጡን አወጣላታለሁ፤ ካልጣማት ባዶ እጇን እሰዳታለሁ። ስሜ በዚህ ገነነ። ለሕፃን የሚሆን ከፈለግሽ ትርሲት ዘንድ ሂጂ ይባላል፤ ከሱሉልታ ድረስ መጥተው የሚጠይቁኝ አሉ። ይህንን እንደ ንስሐ እቆጥረው ነበር። እንዴት ያለ ንስሐ ነው ሰው የሚወደስበት?

በቅርቡ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ለእናቶች እንድናገር ጠራኝ። ለትንንሽ ልጆች አሻንጉሊት እንዴት እንደሚመረጥ አስረጂልን አሉኝ። ሄድኩ። አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነው የሄድኩት፣ አፈር ልብላና። ፊታቸው ቆሜ አንድ ውሻ በእጄ ይዤ ተናገርኩ። ዓይኑን በሁለት ጣታችሁ ይዛችሁ ጎትቱት፣ አፍንጫውንም፤ ከተንቀሳቀሰ አትግዙት አልኩ። ስፌቱ ተከፍቶ ጥጥ ከታየ መልሱት። አንገቱ ላይ ሪባን ካለ ፍቱት። ደወል፣ ዶቃ፣ ቁልፍ ያለበት ነገር ሕፃን እጅ አይግባ። ሳታጥቡ አትስጡ። ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲተኛ አልጋው ውስጥ አትተዉት። የሚያማምረውን አትዩ፣ የማይነቀለውን እዩ። እናቶቹ በስልካቸው ይቀርጹኛል። አንዷ እጇን አውጥታ «ይህን ሁሉ ከየት ተማርሽው?» አለችኝ።

«ከሥራ» አልኩ።

ቢዙዬ ከፊት ተቀምጣ ነበር። ከሲፈን በኋላ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ እዚያ ነው የሚማረው። ተነሳች። «እኔ ልጄን ያሳጣኝ አሻንጉሊት አይደለም» አለች። «የአማቴ ሽምብራ ነው። ግን ትርሲት የምትላችሁን ስሙ። ለልጄ የሰፋችላት ድብ እስከ ዛሬ አልጋዬ ላይ ነው፤ አንድ ክር አልተበጠሰም።» አጨበጨቡልኝ። እሷም አጨበጨበች።

በማግስቱ ተፍኪ ሄድኩ። አልተኛሁም፣ አልበላሁም፤ ካልሄድኩ የምሞት መሰለኝ። ወቅቱ የሽምብራ እሸት ነው፤ ከሰበታ ወዲያ ሜዳው ሁሉ ሽምብራ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሰዎች እየፈለፈሉ ይበላሉ፣ ለእኔም ዘረጉልኝ። እምቢ አልኩ።

እማማ ሹሜ በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንሰዋል፤ ፊታቸው ሁሉ አጥንት ሆኗል። ግንባራቸው ላይ የቆየ ጥቁር ጠባሳ አለ። «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ነይ፣ ትርሲት ናት እንዴ!» ብለው ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ ተናገርኩ፤ ብቆይ እንደምፈራ አውቃለሁ።

«እማማ፣ ሲፈንን የገደላት የእርስዎ ሽምብራ አይደለም። የእኔ ቁልፍ ነው። የድቡን ዓይን በነጠላ ክር ሰፍቼው ነበር። ወለቀ። እሷ ዋጠችው። ድቡን የደበቅኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ምንም አላደረጉም።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ክሩን፣ መጥረጊያውን፣ ለሽማግሌዎቹ ያልኩትን። ጨርሼ ራሴን ደፋሁ። ይምቱኝ፣ ይትፉብኝ ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸው ራሴ ላይ ዐረፈ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ማነው የላከሽ? ግርማ ነው?»

«ማንም አልላከኝም እማማ። እውነቱን ነው የነገርኩዎት።»

«አይደለም። እኔ ነኝ የሰጠኋት። መጀመሪያ ክጄ ነበር። ሰይጣን ነው ያስካደኝ። በኋላ ብቻዬን ሳስበው፣ ሳስበው፣ ትዝ አለኝ። አንዲት ፍሬ በጣቴ አንስቼ አፏ ላይ አደረግኩላት። ስቃ ተቀበለችኝ። ለካህኑም ተናዝዣለሁ። ይኸው እሰግዳለሁ፤ እስክሞት እሰግዳለሁ።»

ግንባራቸው ላይ ያለው ጠባሳ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ያላደረጉትን ነገር፣ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ አድርገሻል ስላላቸው፣ አስታወሱት። እስከ ሳቋ ድረስ አስታወሱት! እኔ ልጃቸውን፣ ቤታቸውን ብቻ አይደለም የወሰድኩባቸው። ንጹሕ መሆናቸውን ከገዛ ልባቸው ውስጥ አወጣሁት።

«በእመቤቴ በማርያም! ማርያምን! እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። በደረቀ እጃቸው አፌን ያዙኝ።

«በሐሰት አትማይ ልጄ። ለእኔ ብለሽ ነፍስሽን አታጥፊ። ልታጽናኚኝ ይህን ያህል መንገድ መጣሽ፤ ይበቃኛል። እግዜር ልጆችሽን ይባርክልሽ። እንዳንቺ ያለ ጎረቤት ለሁሉም ይስጥ።»

«አሜን» አልኩ።

አፌ ለምዶት ነው ልላችሁ ነበር። እሱም ሰበብ ነው። አሜን ያልኩት ምርቃቱ ስለጣፈጠኝ ነው። ሊረግሙኝ ከሚገባቸው ሰው አፍ የወጣ ምርቃት ጣፈጠኝ፣ ዋጥኩት።

ከተፍኪ ከተመለስኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እሳቸውን ማሳመን የሚችሉት ልጃቸውና ምራታቸው ብቻ ናቸው። ቢዙዬና ግርማ አውቀው፣ ሁለቱም ሄደው እግራቸው ላይ ቢወድቁ እማማ ሹሜ ያምናሉ። እኔን ግን አያምኑም፤ እኔ ደግ ጎረቤት ነኛ። ስለዚህ ለቢዙዬ መናገር አለብኝ። እሷ ታምነኛለች። የምፈራውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ቀን ስሄድ ልጇን ታጥባለች፤ ተመለስኩ። ትናንት ግርማ ነበር፤ ተመለስኩ። ዛሬ ብቻዋን አገኘኋት። «ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። ጨው አልቆብኝ ነው አልኳት። በወረቀት ቋጥራ ሰጠችኝ፣ ይዤ ተመለስኩ።

ድሃ ነበርኩ፣ ልጆች ነበሩኝ፣ ፈራሁ ልላችሁ እችላለሁ። አልልም። ድሃ ሆነው፣ ልጅ ኖሯቸው፣ ፈርተው እውነቱን የሚናገሩ ሰዎች አሉ። ይቅርታም አልጠይቃችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን አንብቦ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» የሚለኝ ሰው ካለ እባካችሁ ይተወኝ። እማማ ሹሜ በልጃቸው ቤት፣ በምራታቸው እጅ እስኪጎርሱ ድረስ የሚፈታኝ የለም። እሳቸው ደግሞ ደክመዋል፤ ክረምቱን አያዩትም ይሆናል። ይህን እያወቅኩ፣ የቢዙዬ በር ከበሬ አሥራ ሁለት እርምጃ ሆኖ ሳለ፣ እኔ ግን ይኸው ቁጭ ብዬ ለእናንተ እጽፋለሁ።